«ሲስተም የለም» ከመባሉ በፊት

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 2002፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ቦስተን ከተማ በሚገኘው ቤዝ ኢዝሬል ዲከነስ ሆስፒታል ኮምፒውተሮቹ መንቀራፈፍ ጀመሩ። የላቦራቶሪ ውጤት፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የሕሙማን መዝገብ፣ ኢሜይል፣ በኔትወርኩ የሚያልፍ ሁሉ አንዴ ሲመጣ አንዴ ሲጠፋ ቆይቶ ጭራሹን ቆመ። ሆስፒታሉ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው፤ በኮምፒውተር አጠቃቀሙም ከአሜሪካ ሆስፒታሎች በግንባር ቀደምነት ይጠቀስ ነበር። ለአራት ቀናት ያህል ግን ወደ ወረቀትና እስክሪብቶ ተመለሰ። ማዘዣን በኮምፒውተር ብቻ ሲጽፉ የኖሩ ወጣት ሐኪሞች ቅጽ አሞላሉን ከአንጋፋ ባልደረቦቻቸው ተማሩ፤ ውጤት ከላቦራቶሪ ወደ ሕሙማን ክፍል በሰው እግር ተመላለሰ።

ሰርጎ የገባ ጠላፊ አልነበረም። የተቃጠለ ሰርቨርም የለም። አንድ ተመራማሪ፣ ፋይሎችን ከኔትወርኩ እየፈለገ በራሱ የሚገለብጥ ፕሮግራም እየሞከረ ነበር። ፕሮግራሙ ተቆጣጣሪ ሳይኖረው እየሠራ ቀረ፤ የሚገለብጠው መረጃም እየናረ ሄዶ መሃል ላይ ያለ አንድ ስዊች፣ ማለትም ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ የሚያገናኝ መሣሪያ፣ ከዚያ ሌላ ምንም ማስተናገድ አቃተው። ሌሎቹ ስዊቾች ከእሱ መልስ ሲያጡ የሞተ መሰላቸው፤ ለክፉ ቀን ተዘግተው የቆዩ ተጠባባቂ መስመሮችን ከፈቱ። በዚህ ጊዜ ኔትወርኩ ላይ ቀለበት ተፈጠረ።

ስዊች መድረሻውን ያላወቀውን ወይም ለሁሉም የተላከውን መልእክት ከመጣበት በር በቀር በሁሉም በሮቹ ያሰራጫል። መስመሮቹ ቀለበት ከሠሩ ያው መልእክት ዞሮ ይመጣል፣ እንደገና ይሰራጫል፣ ተባዝቶ ይመለሳል። በአይፒ አድራሻ የሚጓዝ ፓኬት በእያንዳንዱ ራውተር ላይ ከዕድሜው አንድ ስለሚቀነስበት ዜሮ ሲደርስ ይጣላል። ከሥሩ ያለው የኤተርኔት ፍሬም ግን እንዲህ ያለ የዕድሜ ገደብ የለውም፤ ሰው ገመዱን እስኪነቅለው ድረስ ሊዞር ይችላል። ይህን ለመከላከል ራዲያ ፐርልማን በ1985 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ውስጥ ሲሠሩ «ስፓኒንግ ትሪ» የተባለውን ዘዴ ፈጠሩ። ስዊቾቹ እርስ በርስ ተነጋግረው ትርፍ የሆነውን መስመር ይዘጋሉ፣ ሲያስፈልግም ይከፍቱታል። የዘዴው የጊዜ ቀመር የተለካው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሰባት ስዊች ለማይበልጥ ኔትወርክ ነበር። ቤዝ ኢዝሬልና ዲከነስ በ1996 የተዋሃዱ ሁለት ሆስፒታሎች ናቸው፤ ኔትወርካቸው ቁራጭ በቁራጭ እየተቀጣጠለ አድጎ ያን ልክ አልፏል።

የሆስፒታሉ የመረጃ ቴክኖሎጂ ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ጆን ሃላምካ የደረሰውን አልደበቁም። ታሪኩ በሕክምና መጽሔቶችም በሥራ አመራር ትምህርት ቤቶችም መማሪያ ሆነ። ከወጡት ትምህርቶች መካከል ሦስቱ የኔትወርክ አስተዳደር ሀሁ ናቸው፦ ሥራ ላይ ባለ ኔትወርክ ላይ ሙከራ አይደረግም፤ እያንዳንዱ ለውጥ ሳይመዘገብና ሳይፈቀድ አይገባም፤ የአንድ ተቋም ኔትወርክ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ መኖር የለበትም።

ከሐረጉ ሥር ያለው

አዲስ አበባ ቢሆን ለዚያ ሁሉ ውጥንቅጥ አንድ ሐረግ ይበቃው ነበር፦ «ሲስተም የለም»። በባንክ መስኮት፣ በትኬት ቢሮ፣ በግብር መክፈያ ወረፋ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ባለጉዳዩ ይህን ሰምቶ ተመልሶ ይሄዳል ወይም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የኔትወርክ አስተዳዳሪው ሥራ የሚጀምረው ግን እዚህ ጋ ነው፤ ምክንያቱም ከዚህ ሐረግ ሥር ቢያንስ ስድስት ሰባት የተለያዩ በሽታዎች ተደብቀዋል።

ልምድ ያለው ባለሙያ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። መጀመሪያ መብራት፤ የስዊቹ ዩፒኤስ ባትሪው ደክሞ ይሆን? ቀጥሎ ገመድ፤ የስዊቹ በር ላይ ያለችው መብራት ትበራለች? ከዚያ አድራሻ። ኮምፒውተሩ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ከያዘ አድራሻ የሚያድለውን ሰርቨር አላገኘውም ማለት ነው። በ192.168 የሚጀምር ግን የመሥሪያ ቤቱ ያልሆነ አድራሻ ከያዘ ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሠራተኛ ዋይፋይ እንዲያገኝ ብሎ ከቤቱ ያመጣው ራውተር ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ለቢሮው ሁሉ የራሱን አድራሻ እያደለ ነው። አድራሻው ደህና ከሆነ የስም ነገር ይፈተሻል፤ በቁጥር የተጠራ ሰርቨር መልስ እየሰጠ በስም ሲጠራ ዝም ካለ ችግሩ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ በሚቀይረው ዲኤንኤስ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ፋየርዎሉ፣ ወደ ውጭ የሚወጣው መስመርና በመጨረሻም ፕሮግራሙ ራሱ አለ። ተጠቃሚው ዘንድ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚዞር ክብ።

ይህን ቅደም ተከተል ለመጓዝ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም። ከሁሉም የሚቀድመው ፒንግ ነው።

ፒንግን በዲሴምበር 1983 በአንድ ሌሊት የጻፉት ማይክ ሙስ ናቸው፤ ሜሪላንድ ውስጥ በአሜሪካ ጦር የባለስቲክ ምርምር ላቦራቶሪ ይሠሩ ነበር። ስሙን የወሰዱት ሰርጓጅ መርከብ ድምፅ ልኮ ማሚቶውን ከሚያዳምጥበት መሣሪያ ነው። አንዱ ኮምፒውተር «አለህ?» ይላል፣ ሌላው «አለሁ» ብሎ ይመልሳል፤ በመካከል ያለፈው ጊዜ በሚሊሰከንድ ይለካል። ሙስ ስለ ፕሮግራማቸው ከሰሙት ሁሉ የወደዱት አንድ ታሪክ ነበር። አንድ የኔትወርክ አስተዳዳሪ እየመጣ የሚሄድ ብልሽት አስቸገረው። በዚያን ጊዜ ኤተርኔት ኮምፒውተር ከኮምፒውተር በማያያዣ የሚቀጣጠል አንድ ረጅም ገመድ ስለነበር፣ የትኛው ማያያዣ እንደላላ ማወቅ ከባድ ነው። ሰውየው የፒንግን መልስ ድምፅ ከሚያወጣ ፕሮግራም ጋር አገናኝቶ በቢሮው ስቴሪዮ ከፍ አድርጎ ለቀቀው። ማሽኑ በየሰከንዱ «ፒንግ፣ ፒንግ» እያለ ሲጮህ ሰውየው በሕንጻው እየዞረ ማያያዣዎቹን አንድ በአንድ ነካካ። ድምፁ ጸጥ ያለበት ቦታ ብልሽቱን አገኘው።

የፒንግ ቁጥር ከ«አለሁ» የበለጠ ይናገራል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ እያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር ለደርሶ መልስ 10 ሚሊሰከንድ ይበላል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ስለዚህ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች የሚመልስ «የፍራንክፈርት ሰርቨር» በእርግጥ ፍራንክፈርት የለም። ገመድ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት መስመሯ ጎረቤት አገር ሳይረግጥ ከባሕር ሥር ካለው ኬብል አይደርስም፤ ጂቡቲ ወይም ኬንያ ላይ የሚፈጠር መታጠፊያ ሁሉ በሚሊሰከንድ ይቆጠራል። ቫን ጃኮብሰን በ1980ዎቹ መጨረሻ የጻፉት ትሬስሩት ይህን መንገድ ራውተር በራውተር ያሳያል። የሚሠራውም ከላይ በተነሳው የፓኬት ዕድሜ ነው፤ ዕድሜው አንድ የሆነ ፓኬት ይልካል፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፤ ፓኬቱ የሞተበት ራውተር ሁሉ ሞቱን ለላኪው ስለሚያሳውቅ መንገዱ ይገለጣል።

የጤነኛው ቀን መልክ

ፒንግ አንድ ድክመት አለው። የሚነግረው ስለ አሁን ነው። አንድ መስመር ዛሬ 70 በመቶ ተይዟል ቢባል ብዙ ነው ትንሽ? ትናንት በዚህ ሰዓት ስንት እንደነበር ለማያውቅ ሰው መልስ የለውም። ማታ በረት ሲዘጋ ከብቱን የማይቆጥር እረኛ አንዲት ላም መቅረቷን የሚያውቀው ጠዋት ወተቱ ሲጎድልበት ነው።

በ1994 እንግሊዝ አገር፣ ሌስተር ከተማ፣ ዴ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኘው በአንዲት በሰከንድ 64 ኪሎቢት በምታሳልፍ መስመር ነበር። ዛሬ አንድ የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ሊያጣብባት በምትችል መስመር ላይ ዩኒቨርሲቲው በሙሉ ይሻማል፤ ሁሉም መስመሯ እንዴት እንደዋለች ማወቅ ይፈልጋል። በዚያ ይሠሩ የነበሩት ቶቢያስ ኡቲከር የራውተሩን ቆጣሪ በየአምስት ደቂቃው እያነበበ ግራፍ የሚሥል ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ፤ ግራፉም በድረ ገጽ ላይ ማንም እንዲያየው ተሰቀለ። ኤምአርቲጂ ተብሎ በ1995 ለሁሉም በነጻ ተለቀቀ። የቀን፣ የሳምንት፣ የወርና የዓመት ግራፎችን ጎን ለጎን ማስቀመጡ ሥራውን ለወጠው። አስተዳዳሪው ጠዋት ሠራተኛ ሲገባ የሚወጣውን ጉብታ፣ የምሳ ሰዓትን ሸለቆ፣ የእሑድን ዝርግ መስመር ያውቃል። እሑድ ሌሊት ጉብታ ካየ ማንም ሳይደውልለት የሚመረምረው ነገር አለ፤ ምናልባት ባክአፕ ነው፣ ምናልባት በቫይረስ የተያዘ ኮምፒውተር መረጃ እየላከ ነው።

ኤምአርቲጂም ሆነ ከእሱ በኋላ የመጡት እንደ ካክታይና ዛቢክስ ያሉት ፕሮግራሞች ከመሣሪያዎቹ ጋር የሚነጋገሩበት የጋራ ቋንቋ በ1988 የወጣው ኤስኤንኤምፒ ነው። እያንዳንዱ ስዊችና ራውተር በውስጡ ቆጣሪዎች አሉት፤ በዚህ በር ስንት ባይት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ፍሬም ተበላሽቶ ተጣለ፣ ፕሮሰሰሩ ምን ያህል ሠራ። የክትትል ሰርቨሩ በየጊዜው እየዞረ ይጠይቃል። መሣሪያውም አንድ ነገር ሲገጥመው፣ ለምሳሌ በሩ ሲዘጋ፣ ሳይጠየቅ በራሱ መልእክት ይልካል።

እዚህ ላይ ጀማሪን ሁልጊዜ የምታሳስት አንዲት ወጥመድ አለች። የድሮዎቹ ቆጣሪዎች ባለ 32 ቢት ናቸው፤ 4,294,967,295 ከደረሱ በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳሉ። በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ላይ ቆጣሪው ሞልቶ ለመዞር 57 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ በየአምስት ደቂቃው ለሚያነብ ፕሮግራም ችግር የለም። በሰከንድ አንድ ጊጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ግን በ34 ሰከንድ ይዞራል። በሁለት ንባቦች መካከል ስምንት ጊዜ የዞረ ቆጣሪ የሚሰጠው ቁጥር ከእውነቱ ጋር ዝምድና የለውም፤ ግራፉ ግን ያማረ ሆኖ ይሣላል። ባለ 64 ቢት ቆጣሪዎች የመጡት በዚህ ምክንያት ነው። ኤስኤንኤምፒ ሁለተኛ ወጥመድም አለው። በመጀመሪያዎቹ ስሪቶች የይለፍ ቃሉ ሳይመሰጠር በገመዱ ላይ ይጓዛል፤ ከፋብሪካ ሲወጣም በአብዛኛው «ፐብሊክ» የሚል ነው። ሳይቀየር የቀረ እንደሆነ የኔትወርኩን ካርታ ለመጣ ሁሉ መስጠት ነው። ሦስተኛው ስሪት ማንነትን ያጣራል፣ መልእክቱንም ይመሰጥራል።

የፋብሪካ ይለፍ ቃል ነገር ቀልድ እንዳልሆነ ዓለም እ.ኤ.አ. በ2016 አይቷል። ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ይዞ የተነሳው ስልሳ ያህል የታወቁ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ጥንዶችን ነው። በእነሱ ብቻ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠሩ የጥበቃ ካሜራዎችንና የቤት ራውተሮችን ማርኮ፣ በኦክቶበር 21 ዳይን የተባለውን የዲኤንኤስ ድርጅት በትራፊክ አጥለቀለቀው፤ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ድረ ገጾች ለሰዓታት ተቸገሩ። በግድግዳ ላይ የተሰቀለች ካሜራም የኔትወርኩ አካል ናትና ከመዝገቡ መጉደል የለባትም።

ስንት ሰዓት ላይ ነበር?

ግራፍ መጠኑን ያሳያል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ምክንያቱ ያለው ሎግ ውስጥ ነው፤ መሣሪያዎች በየደቂቃው የሚጽፉት ማስታወሻ። በሩ ተዘጋ፣ በሩ ተከፈተ፣ እገሌ በዚህ ስም ገባ፣ ይህን ትእዛዝ ሰጠ። ሎጉ በየመሣሪያው ተበታትኖ ከተቀመጠ ግን መሣሪያው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ሁሉም ወደ አንድ ሰርቨር ይላካል።

ሎጎቹን ጎን ለጎን ለማንበብ ሰዓታቸው አንድ መሆን አለበት። የአንዱ ራውተር ሰዓት አራት ደቂቃ ወደኋላ ከቀረ መዘዙ ከምክንያቱ ቀድሞ የተከሰተ ይመስላል። ዴቪድ ሚልስ በ1980ዎቹ የቀረጹት ኤንቲፒ የኔትወርክ መሣሪያዎችን ሰዓት በሚሊሰከንዶች ልዩነት ያስተካክላል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ኤንቲፒ የማይፈታው ተጨማሪ ጣጣ አለ። የቅርንጫፉ ሠራተኛ ደውላ «ሦስት ሰዓት ላይ ተቋረጠብን» ትላለች። ጠዋት ከሆነ በቢሮው ኮምፒውተር ላይ 9:00 ነው፤ በዓለም አቀፉ ሰዓት የተቀመጠው የራውተር ሎግ ግን 06:00 ይላል። በ03:00 የሚፈልግ ሰው ሥራ ያልተጀመረበት ጸጥ ያለ ንጋት ያገኛል፤ «ከእኛ በኩል ምንም የለም» ብሎ መልስ ይሰጣል። የቀን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው፤ ወሩና ዓመቱ ሌላ፣ ሎጉ ሌላ። በዚህ የተቸገሩ ክፍሎች የብልሽት መመዝገቢያ ቅጻቸው ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር አስገብተዋል፤ ወይም ደዋዩን ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ብለው ጠይቀው ራሳቸው ይቀይሩታል።

ማንቂያም የራሱ ሥርዓት ይፈልጋል። አንድ ዋና ራውተር ቢወድቅ ከጀርባው ያሉት ሁለት መቶ መሣሪያዎች ሁሉ የሞቱ ይመስላሉ፤ አስተዳዳሪው በሌሊት ሁለት መቶ መልእክት ሲደርሰው ስልኩን ያጠፋዋል። በ1999 ኢታን ጋልስታድ የለቀቁት፣ በኋላ ናጊዮስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ማን ከማን ጀርባ እንዳለ እንዲነገረው የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ዋናው ሲወድቅ ስለ ዋናው ብቻ ይጮሃል፤ የቀሩትን «መድረስ ያልተቻለ» ብሎ ይመዘግባል።

ከዚህ ሁሉ መዝገብ የሚወጣው አንድ ቁጥር ለአለቆች ይቀርባል፤ አገልግሎቱ በዓመት ስንት በመቶውን ጊዜ ሠራ? 99 በመቶ ጥሩ ውጤት ይመስላል። በዓመት ግን 87 ሰዓት ተኩል ገደማ መቋረጥ ማለት ነው፤ የቦስተኑን ሆስፒታል ወደ ወረቀት ከመለሰው ጊዜ እምብዛም የማያንስ። 99.9 በመቶ ዘጠኝ ሰዓት የማይሞላ ነው፤ 99.999 በመቶ በዓመት አምስት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ነው።

ዓይኑም አብሮ ሲጠፋ

ከመጀመሪያዎቹ የኮምፒውተር ኔትወርክ መቆጣጠሪያ ማዕከሎች አንዱ ማሳቹሴትስ፣ ካምብሪጅ ውስጥ ቢቢኤን በተባለው ኩባንያ ቢሮ ነበር። የኢንተርኔት ቅድመ አያት የሆነው አርፓኔት እያንዳንዱ መገናኛ ኮምፒውተሩ ስለ ጤንነቱ በየደቂቃው ገደማ ለዚያ ማዕከል ሪፖርት ይልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 27 ቀን 1980 ይህ ኔትወርክ በሙሉ ለአራት ሰዓት ያህል ተንኮታኮተ። አንድ መሣሪያ ቢት እየጣለ፣ የአንድን የሁኔታ መልእክት ሦስት ቅጂዎች በተለያየ ተራ ቁጥር አሰራጨ፤ 8፣ 40 እና 44። ቁጥሮቹ እስከ 63 ሄደው ወደ ዜሮ የሚመለሱ ስለነበሩ ሕጉ 40ን ከ8፣ 44ን ከ40፣ 8ን ደግሞ ከ44 አዲስ አድርጎ ቆጠረ። ማሽኖቹ ሦስቱን መልእክቶች ማለቂያ በሌለው ዙር እያደሱ ሌላ ሥራ አቆሙ። ባለሙያዎቹ መውጫ ያገኙት፣ ከዚያ አንድ መገናኛ የሚመጣውን ዝማኔ ሁሉም እንዲጥሉት የሚያደርግ ማስተካከያ በማሽኖቹ ላይ በመጫን ነው።

ከአርባ አንድ ዓመት በኋላ ሰኞ መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ መንግሥት የተመሠረተበት ዕለት ነበር። ሰው ቀኑን ሙሉ ምስልና ሐሳብ ሲለዋወጥ ውሎ፣ ከምሽቱ 12:40 ገደማ ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። ብዙው ሰው መጀመሪያ የተጠራጠረው የራሱን ስልክ ነው። ነገሩ ግን መላውን ዓለም ያዳረሰ፣ ከስድስት ሰዓት በላይ የቆየ መቋረጥ ነበር።

ኩባንያው በማግስቱ የሆነውን አስረዳ። መሐንዲሶች የማዕከሎቻቸውን ዋና አገናኝ መስመር አቅም ለመፈተሽ በመደበኛ ጥገና ላይ አንድ ትእዛዝ ሰጡ፤ ትእዛዙ ሳይታሰብ መስመሮቹን በሙሉ ቆረጣቸው። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ መርምሮ ማስቆም የነበረበት ፕሮግራም ራሱ ስህተት ነበረበትና አሳለፈው። የፌስቡክ የዲኤንኤስ ሰርቨሮች ደግሞ ከመረጃ ማዕከሎቹ ጋር መነጋገር ሲያቅታቸው ራሳቸውን ጤነኛ እንዳልሆኑ ቆጥረው፣ «ወደ እኛ የሚያደርሰው መንገድ ይህ ነው» የሚለውን፣ ቢጂፒ በተባለው የራውተሮች ቋንቋ የሚያሰራጩትን ማስታወቂያ እንዲያነሱ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። አነሱት። ሰርቨሮቹ በሕይወት እያሉ ወደ እነሱ የሚያደርስ መንገድ ግን ከኢንተርኔት ካርታ ተፋቀ።

ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል ለኔትወርክ ባለሙያዎች ዋናው ነው። ዲኤንኤሱ ሲጠፋ መሐንዲሶቹ ብልሽት የሚመረምሩባቸው የውስጥ መሣሪያዎችም አብረው ጠፉ። ለእንዲህ ያለ ቀን የተዘጋጀው የተለየ መግቢያ መስመርም አልሠራም። ሰዎች በአካል ወደ መረጃ ማዕከሎቹ ተላኩ፤ ማዕከሎቹ ግን ማንም በቀላሉ እንዳይገባባቸው፣ የገባም ቢሆን መሣሪያዎቹን በቀላሉ እንዳይነካካ ተደርገው የተጠበቁ ናቸው። ሰዓታት አለፉ። በዚያ መካከል በየአገሩ ያሉ ስልኮች ሳይታክቱ የፌስቡክን አድራሻ ሲጠይቁ፣ ክላውድፍሌር የተባለው ኩባንያ የዓለም ዲኤንኤስ ሰርቨሮች ከወትሮው ሠላሳ እጥፍ ጥያቄ እንደጎረፈላቸው ገለጸ።

ተመሳሳዩ በጁላይ 8 ቀን 2022 ካናዳ ውስጥ ደረሰ። ሮጀርስ የተባለው የቴሌኮም ኩባንያ በማሻሻያ ሥራ ላይ ሳለ ከአንድ ራውተር ላይ የማጣሪያ ሕግ ተነሳ፤ ዋና ራውተሮቹ በመንገድ መረጃ ጎርፍ ተጥለቀለቁ፤ ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ስልክና ኢንተርኔት አጡ፤ በብዙ ቦታ የድንገተኛ ጥሪ 911 እንኳ አልሠራም። ጠጋኞቹ ራውተሮቹን የሚቆጣጠሩበት ኔትወርክ በዚያው በወደቀው ኔትወርክ ላይ የተመሠረተ ነበር። የሠራተኞቹ ስልክም የሮጀርስ ነው፤ እርስ በርስ ለመደዋወል የተፎካካሪ ኩባንያ ሲም ካርድ እስኪታደላቸው ጠበቁ።

ከትንሽ ቢሮ ጀምሮ

እነዚህ ግዙፍ ኩባንያዎች የሳቱት ነገር፣ ኔትወርኩ ሲወድቅ አብሮ የማይወድቅ ክትትል፣ ሃምሳ ኮምፒውተር ባለው የክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት ወይም በአንድ ኮሌጅ ውስጥ በጥቂት ወጪ ሊሟላ ይችላል። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ተጭኖ ዛቢክስ ወይም ናጊዮስ በነጻ ይሠራል። ከዚያ በፊት ግን ወረቀት ይቀድማል፤ የትኛው ስዊች የትኛው ክፍል እንዳለ፣ ምን አድራሻ እንደያዘ፣ ከማን ጋር እንደተገናኘ የሚያሳይ ሥዕል። የእያንዳንዱ ራውተርና ስዊች ቅንብር ፋይል ከተለወጠ ቁጥር ቅጂው ከመሣሪያው ውጭ ይቀመጣል፤ ስዊቹ በመብራት መዋዠቅ ሲቃጠል አዲሱን ለመተካት ቀናት ሳይሆን ደቂቃዎች እንዲበቁ። የይለፍ ቃሎቹ ከአንድ ሰው በላይ በሚያውቀው ቦታ ታሽገው ይኖራሉ፤ አስተዳዳሪው ሥራ ሲለቅ ተቋሙ የራሱን ራውተር መክፈት አቅቶት ወደ ፋብሪካ ቅንብር የሚመልስበት አጋጣሚ ብርቅ አይደለም።

ለኢትዮጵያ አስተዳዳሪ ከትራፊክ ግራፍ እኩል የሚያስፈልገው የመብራት ግራፍ ነው። ብዙ ዩፒኤሶች በኤስኤንኤምፒ ይጠየቃሉ፤ ባትሪው ስንት በመቶ እንደቀረው፣ ስንት ደቂቃ እንደሚያቆይ ይመልሳሉ። ባትሪው 20 ደቂቃ ይይዛል ተብሎ ተገዝቶ ከሁለት ዓመት በኋላ አራት ደቂቃ ብቻ ቢይዝ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሰርቨሩ እንደማይቆይ ከግራፉ ቀድሞ ይታወቃል። መንገድ ሲቆፈር የሚቆረጥ ፋይበርም እንዲሁ መዝገብ ይፈልጋል፤ በየትኛው ቀን፣ ስንት ሰዓት ጠፍቶ ስንት ሰዓት ተመለሰ የሚል መዝገብ የያዘ ተቋም ከአገልግሎት ሰጪው ጋር ሲነጋገር እጁ ባዶ አይደለም።

ማንቂያው በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ብቻ የሚላክ ከሆነ ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ማንቂያው ራሱ መውጫ ያጣል፤ የፌስቡክና የሮጀርስ ችግር በትንሹ እዚህም አለ። ሲም ካርድ የሚይዝ ርካሽ ሞደም ከክትትሉ ኮምፒውተር ጋር ተያይዞ በዩፒኤስ ላይ ቢሰካ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይልካል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ የቢሮው ኢንተርኔት ከአንዱ፣ የማንቂያው ሲም ከሌላው ኩባንያ መሆን ይችላል። ሁለት ኩባንያ መሆናቸው ብቻ ግን ዋስትና አይደለም፤ መስመሮቻቸው መሬት ውስጥ አንድ ቦይ የሚጋሩ ወይም አንቴናቸው አንድ ማማ ላይ የተሰቀለ ከሆነ አንድ ብልሽት ሁለቱንም ያቋርጣል። ይህን ኩባንያዎቹን መጠየቅ ይገባል፤ ከመልሳቸው በተጨማሪ ደግሞ በወር አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባለጉዳይ በሌለበት፣ ዋናውን መስመር ነቅሎ መልእክቱ በስንት ደቂቃ እንደደረሰ መመዝገብ፣ ካልደረሰም ሰኞ ሥራ ሳይጀመር ምክንያቱን ማግኘት ያስፈልጋል።